የተያዙ ክፍሎችና የተጣራ ገቢ፦ የኦንላይን ቦታ ማስያዝና የካዛንቺስ ሆቴሎች አፈጻጸም መለኪያ

ካዛንቺስ ስሙን የወሰደው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ነው። ሠፈሩንና አካባቢውን የሆቴል ገበያ ያደረገው ግን ስብሰባ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተመሥርቶ መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ፤ የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ፤ ሒልተን በ1969 በአቅራቢያው ተከፈተ። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ እንደ ራዲሰን ብሉና ሐያት ሪጀንሲ ካሉ ዓለም አቀፍ ስሞች ጎን የአገር ውስጥ ባለሀብቶች መካከለኛ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ የራሳቸው ዓለም አቀፍ የማስያዣ ሥርዓት ስላላቸው፣ የኦንላይን የጉዞ ወኪሎች መስፋፋት ይበልጥ የሚፈትነው ሁለተኞቹን ነው።

የሆቴል አፈጻጸም በተለምዶ በሦስት መለኪያዎች ይገለጻል። የመጀመሪያው ለሽያጭ ከቀረቡት ክፍሎች ምን ያህሉ እንደተያዙ የሚያሳየው የይዞታ ምጣኔ ነው። ሁለተኛው የተሸጡት ክፍሎች አማካይ ዋጋ ነው። ሦስተኛው የሁለቱ ብዜት ሲሆን፣ ለሽያጭ ከቀረበ ከእያንዳንዱ ክፍል የተገኘውን ገቢ ያመለክታል፤ በሙያው «ሬቭፓር» ይባላል። ሦስቱም የማይናገሩት አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም እንግዳው በየትኛው መንገድ እንደመጣና ያ መንገድ ሆቴሉን ምን ያህል እንዳስከፈለው ነው።

እንደ ቡኪንግ ዶት ኮምና ኤክስፔዲያ ያሉ ወኪሎች ከክፍሉ ዋጋ ብዙውን ጊዜ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ኮሚሽን ይወስዳሉ። ለማስረዳት ያህል 100 ክፍሎች ያሉት አንድ ሆቴል ይታሰብ። በአንድ ሌሊት 60 ክፍሎችን ያለ ወኪል በ6,000 ብር ቢሸጥ፣ ገቢው 360,000 ብር፣ ሬቭፓሩም 3,600 ብር ይሆናል። ይኸው ሆቴል በኦንላይን ገበያ ለመወዳደር ዋጋውን ወደ 5,500 ብር ዝቅ አድርጎ 68 ክፍሎችን ቢሸጥ፣ ከእነዚህም 40ዎቹ በወኪል ቢያዙ፣ ሬቭፓሩ ወደ 3,740 ብር ያድጋል። የ33,000 ብር ኮሚሽን ሲቀነስ ግን የተጣራው 3,410 ብር ብቻ ነው። የይዞታ ምጣኔውም ሬቭፓሩም ዕድገት ባሳዩበት ሌሊት ሆቴሉ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ስምንቱን ተጨማሪ ክፍሎች ለማጽዳትና ቁርስ ለማቅረብ የወጣው ወጪም ገና አልተቆጠረም።

ከዚህ ተነሥቶ ወኪሎቹ ጎጂ ናቸው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። ያልተሸጠ ሌሊት ለነገ አይቀመጥም። በክረምት ስብሰባ ሲቀዘቅዝ፣ ስሙ ያልታወቀ የካዛንቺስ ሆቴል ናይሮቢ ወይም ፍራንክፈርት ላለ መንገደኛ የሚታየው በወኪሉ ገጽ ነው፤ ኮሚሽኑም ያለዚያ ባዶ ለሚያድር ክፍል የተከፈለ ዋጋ ነው። በአንጻሩ በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ ሲካሄድ ብዙዎቹ ክፍሎች በማናቸውም መንገድ ይያዛሉ፤ በዚያን ጊዜ የሚከፈለው ኮሚሽን በአመዛኙ ሊመጣ ለነበረ እንግዳ የተከፈለ ነው። ስለዚህ የወኪሉ ጥቅም የሚመዘነው በዓመታዊ አማካይ ሳይሆን በወቅት ተከፍሎ ነው።

የዓመታት ንጽጽርም ጥንቃቄ ይሻል። መነሻውን የወረርሽኙን ዓመት 2020 ያደረገ ጥናት ዕድገት ማግኘቱ አይቀርም። እንዲሁም በጁላይ 2024 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ክፍሉን በዶላር የሚተምን ሆቴል አንድም እንግዳ ሳይጨምር የብር ሬቭፓሩ ከፍ ይላል፤ ይህ የአፈጻጸም ሳይሆን የተመን ለውጥ ነው።

ስለዚህ የአካባቢውን ሆቴሎች የሚያጠና ተመራማሪ ከይዞታ ምጣኔው ጎን ኮሚሽን የተቀነሰበትን ሬቭፓር፣ በማስያዣ መንገድና በወቅት ለይቶ፣ በብርም በዶላርም ሊመዘግብ ይገባል። ለባለሆቴሉም ተመሳሳይ መዝገብ ተግባራዊ ፋይዳ አለው፤ በጉባኤ ሰሞን ለወኪል የሚለቃቸውን ክፍሎች እንዲቀንስ፣ በክረምት እንዲያበዛ፣ ከ2021 ወዲህ ቴሌብርን የለመደውን የአገር ውስጥ እንግዳ ደግሞ በቀጥታ ቀብድ አስከፍሎ እንዲያስተናግድ መንገድ ያሳየዋል።