ለቦይለር ብልሽት በየወሩ መክፈል ለማን ያዋጣል?

በብሪታንያ ቅዝቃዜው ሲበረታ ወደየቤቱ የሚመጣው የቦይለር ሽፋን ማስታወቂያ ይበዛል። ቦይለሩ ሌሊት ቢቆም፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም አዛውንት ቢኖር ምን ይደረጋል ብሎ ይጠይቅና መልሱንም ራሱ ይሰጣል፤ በወር 15 ወይም 20 ፓውንድ እየከፈሉ መቀመጥ፣ ሲበላሽ ደውሎ ባለሙያ ማስመጣት። በአገሪቱ ከአሥር ቤት ስምንት ያህሉ ውኃውንና ክፍሉን የሚያሞቀው በጋዝ ቦይለር ስለሆነ ጉዳዩ የማይመለከተው ቤተሰብ ጥቂት ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ውሉን ፈርመው ገንዘቡ በየወሩ ከባንክ ሂሳባቸው ይቆረጣል፤ ብዙዎቹ ግን ምን እንደገዙ መለስ ብለው አያዩትም።

እኔ እንደማምነው ይህ ክፍያ የቤቱ ባለቤት ለሆነው ለአብዛኛው ሰው አያዋጣም፤ ለጥቂቱ ባለቤት በእርግጥ ያዋጣል፤ ተከራይ ደግሞ ከናካቴው አያስፈልገውም። ሻጩ ግን ለሁሉም የሚያቀርበው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው።

ከተከራዩ ልጀምር፤ በጣም የሚያንገበግበኝ የሱ ጉዳይ ነውና። በለንደንና በሌሎች ከተሞች ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሚኖሩት በካውንስል (በአካባቢው አስተዳደር)፣ በቤቶች ማኅበር ወይም በግል አከራይ ቤት ነው። በእንግሊዝ የሚሠራው የ1985ቱ (እ.ኤ.አ.) የአከራይና የተከራይ ሕግ በአንቀጽ 11 ከሰባት ዓመት በታች ለሆነ ኪራይ ማሞቂያውንና የሙቅ ውኃ መሣሪያውን የመጠገን ግዴታ የጣለው በአከራዩ ላይ ነው። የኪራይ ውሉ ላይ «ቦይለሩን ተከራዩ ያስጠግናል» የሚል ዐረፍተ ነገር መጨመር ከዚህ ግዴታ አያድነውም። የ1998ቱ የጋዝ ደኅንነት ደንብ ደግሞ አከራዩ በየ12 ወሩ የጋዝ መሣሪያውን በተመዘገበ ባለሙያ እንዲያስመረምርና የምርመራውን ሰነድ ቅጂ ለተከራዩ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። የካውንስል ተከራይ መብት ከዚህም የጠበቀ ነው። በ1994 በወጣው ደንብ መሠረት ከኦክቶበር 31 እስከ ሜይ 1 ባለው ጊዜ ማሞቂያው ወይም ሙቅ ውኃው ከጠፋ ጥገናው በአንድ የሥራ ቀን፣ በሞቃቱ ወቅት ደግሞ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መደረግ አለበት።

እንግዲህ የማሞቂያው ጥገና በሚከፍለው ኪራይ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በላዩ ላይ የብልሽት ሽፋን የሚገዛ ተከራይ ለአንድ አገልግሎት ሁለቴ ይከፍላል፤ የአከራዩን ዕዳ ከራሱ ኪስ ይሸፍናል። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ሕጉን ባለማወቅ ብቻ አይደለም። አቤቱታ ባሰማ አከራዩ ኪራይ ይጨምርብኛል ወይም ልቀቅ ይለኛል ብሎ ይሰጋል፤ በወር 15 ፓውንድ ከፍሎ ሰላም መግዛትን ይመርጣል። ስጋቱን እረዳለሁ። ግን ትክክለኛው መንገድ ብልሽቱን በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት፣ ቀኑ በሚታይበት ጽሑፍ ማሳወቅ ነው። አከራዩ ዝም ካለ በየካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል አለ፤ አቤቱታውን የሚቀበለው እሱ ነው።

ወደ ቤት ባለቤቱ እንምጣ። በወር 20 ፓውንድ የሚከፈልበት ውል በዓመት 240 ፓውንድ ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ ዓመታዊው ሰርቪስ በውስጡ አለበት፤ ሰርቪሱን ለብቻ ለማስደረግ 100 ፓውንድ ያህል ይጠይቃል እንበል። የቀረው 140 ፓውንድ ለብልሽት የተከፈለ አረቦን ነው ማለት ነው። ቦይለሩ በየአራት ዓመቱ አንዴ ቢበላሽና ጥገናው 320 ፓውንድ ቢፈጅ፣ ብልሽቱ በዓመት የሚያስወጣው ወጪ በአማካይ 80 ፓውንድ ነው። ባለቤቱ 80 ለሚያወጣ ነገር 140 እየከፈለ ነው፤ በአምስት ዓመት 300 ፓውንድ በትርፍ ይሄዳል። አንዳንዱ ውል ባለሙያ በመጣ ቁጥር 60 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ደንበኛው ራሱ እንዲከፍል ስለሚያዝዝ ልዩነቱ ይሰፋል። ቁጥሮቹን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቤት ልክ ሊለውጣቸው ይችላል፤ ውጤቱ የሚገለበጠው ቦይለሩ ከዚህ በጣም ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ ከሆነ ብቻ ነው።

ልዩነቱ የት ይሄዳል? ከእያንዳንዱ 100 ፓውንድ አረቦን ላይ መንግሥት 12 ፓውንድ የመድን ግብር ይጨምራል፤ መጠኑ ከጁን 2017 ጀምሮ እንዲሁ ነው። ከዚያ የማስታወቂያው ወጪ፣ የስልክ ማዕከሉ ደመወዝ፣ የኩባንያው ትርፍ አለ። ይህ ነውር አይደለም፤ ማንኛውም መድን ከሚከፍለው ካሳ በላይ መሰብሰብ ካልቻለ ይዘጋል። ጥያቄው ያ ጭማሪ ምን ይገዛልናል የሚለው ነው።

የኢኮኖሚ ባለሙያው ጀስቲን ሲድኖር በ2010 ባሳተመው ጥናት የአሜሪካ የቤት ባለቤቶች ይህን ዓይነቱን ምርጫ እንዴት እንደሚመርጡ ፈትሿል። ጉዳት ሲደርስ ደንበኛው ራሱ የሚከፍለው ድርሻ ከ1,000 ዶላር ወደ 500 እንዲወርድለት በዓመት 100 ዶላር ያህል ተጨማሪ አረቦን የሚከፍል ሰው ብዙ ሆኖ ተገኘ። ከነዚህ ደንበኞች በዓመት ካሳ የሚጠይቁት ግን ከመቶ አምስት አይሞሉም። ስለዚህ የ500 ዶላሩ እፎይታ በአማካይ ዋጋው ከ25 ዶላር በታች ነው፤ ሰዎቹ አራት እጥፍ ከፍለውበታል። ሰው ትንሽ ኪሳራን ከሚገባው በላይ ይፈራል፤ የቦይለር ውል የሚሸጠውም በዚሁ ፍርሃት ላይ፣ ያውም ብርዱ በተሰማበት ሰሞን ነው።

አባቶቻችን ይህን ስሌት ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። ዕድር የቆመው ለሞት ነው፤ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊሸከመው ለማይችል፣ ቀኑ ለማይታወቅ ወጪ። የወር መዋጮው ትንሽ ነው፣ የሚያነሳው ሸክም ግን ከባድ። ለተሰነጠቀ ድስት ወይም ለተቀደደ ፍራሽ የተቋቋመ ዕድር የለም፤ ያን እያንዳንዱ ቤት ይችለዋል። የቦይለር ሽፋን ብዙ ጊዜ የዚህ ግልባጭ ነው። የ200 እና የ300 ፓውንዱን ጥገና ይሸፍናል። ትልቁ ጉዳት፣ ማለትም ቦይለሩ ጨርሶ ሞቶ አዲስ ለመትከል 2,500 ወይም 3,000 ፓውንድ ሲጠየቅ፣ ብዙዎቹ ውሎች ወደኋላ ይላሉ። ቦይለሩ ካረጀ አይተኩትም፤ ወይም የተወሰነ መቶ ፓውንድ ሰጥተው ይሰናበታሉ። ቤተሰብን የሚያናጋው ወጪ ከውሉ ውጭ ቀርቶ፣ የማያናጋው ነው ውሉ ውስጥ ያለው።

ትንንሾቹን ፊደላት ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የነበረ ብልሽት አይሸፈንም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚቀርብ የጥገና ጥያቄ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት የለውም። በራዲያተርና በቱቦ ውስጥ የተጠራቀመ ዝቃጭ ያመጣው ጉዳት በብዙ ውል ውስጥ አይካተትም፤ መለዋወጫው ከገበያ የጠፋ አሮጌ ሞዴልም እንደዚሁ። ኩባንያዎቹ ለዚህ ጥንቃቄ ምክንያት አላቸው፤ በር ቢከፍቱ የሚሰለፈው ቦይለሩ እያቃሰተ ያለ ሰው ብቻ ይሆንና ዋጋው ለሁሉም ይንራል። ውጤቱ ግን ሽፋኑ በጣም የሚያስፈልገው ቤት ሽፋኑን የማያገኝ መሆኑ ነው።

በሌላው ጫፍ አዲስ ቦይለር ያስተከለ ሰው አለ። አምራቹ አምስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም አሥር ዓመት ዋስትና ይሰጠዋል፤ ቅድመ ሁኔታው በየዓመቱ በተመዘገበ ባለሙያ ሰርቪስ ማስደረግና ማስመዝገብ ነው። ይህን አድርጎ ወርሃዊ ሽፋን የሚከፍል ሰው አምራቹ በነፃ ለሚጠግነው ዕቃ ይከፍላል። ሰርቪሱን ዘልሎ ሽፋን የሚከፍል ደግሞ የበለጠውን ዋስትና አጥቶ ያነሰውን ይዟል።

ይህን ሁሉ ብዬም ለሽፋኑ የሚቆም አንድ እውነተኛ ክርክር አለ። ደንበኛው የሚገዛው ገንዘብ ሳይሆን ወረፋ ነው። በጃንዋሪ አጋማሽ ያለ ውል ባለሙያ መፈለግ ከባድ ነው፤ ኩባንያዎቹ ባለውሎቻቸውን ያስቀድማሉ። ግን ይህም ልክ አለው። መድን በደንብ የሚሠራው ጉዳቱ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ሲደርስ ነው። ብርድ ግን ሁሉንም ቤት በአንድ ሌሊት ይመታል። በ2018 በፌብሩዋሪ መጨረሻና በማርች መጀመሪያ ከሳይቤሪያ የመጣው ቅዝቃዜ በብሪታንያ ላይ ሲወርድ ውል ያለውም የሌለውም በአንድ ቀን ስልክ አነሳ። ወረፋው ራሱ ሲጨናነቅ ቅድሚያ ማግኘት የሚያስገኘው ጥቅም ይቀንሳል፤ ብዙዎቹ ውሎችም በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርሱ ቃል አይገቡም።

ደግሞም በዚያ ሳምንት ከቆሙት ቦይለሮች ብዙዎቹ የተበላሸ ክፍል አልነበራቸውም። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2005 ወዲህ የሚተከሉት ቦይለሮች በአብዛኛው ከጭሱ ላይ ሙቀት የሚቆጥቡ ናቸው፤ ከዚያ የሚወጣው ውኃ በቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ቱቦው ደጅ ላይ በረዶ ሲሠራ ቦይለሩ ራሱን ያጠፋል። መድኃኒቱ ቱቦው ላይ ለብ ያለ ውኃ (የፈላ አይደለም) ማፍሰስና ቦይለሩን እንደገና ማስነሳት ነው። ሌላው የተለመደ ችግር የውኃ ግፊት መውረድ ነው፤ መለኪያው ከ1 ባር በታች ካሳየ በመሙያው ቧንቧ 1.5 አካባቢ እስኪደርስ መሙላት በመመሪያው መጽሐፍ የተጻፈ ሥራ ነው። ከዚህ ያለፈውን፣ በተለይ የቦይለሩን ክዳን መክፈትን፣ በጋዝ ሴፍ መዝገብ ላይ ላለ ባለሙያ መተው ግድ ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሽታ የለውም።

የሽያጩ ገበያም ንጹሕ ታሪክ የለውም። የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ 2014 ሆምሰርቭ የተባለውን የቤት ድንገተኛ ጥገና ሽፋን ሻጭ ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ቀጥቶታል፤ ምክንያቱ ለዓመታት የዘለቀ የተሳሳተ አሻሻጥና የአቤቱታ አያያዝ ጉድለት ነበር። ዛሬ ደንቡ ጠንክሯል። ሆኖም «ሽፋን» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ መድን አይደለም። አንዳንዱ ተራ የአገልግሎት ውል ነው፤ ኩባንያው ቢከስር ገንዘቡን የሚመልስ ተቋም የለም፣ ክርክር ቢነሳም ለፋይናንስ ዕንባ ጠባቂው አቤት ማለት አይቻልም። መድን ከሆነ ግን ሁለቱም አሉ። ከመፈረም በፊት ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ታዲያ ለማን ያዋጣል? ቤቱ የራሱ ሆኖ የቦይለሩ ዋስትና ያለቀበት፣ ድንገት 400 ፓውንድ ቢጠየቅ በከፍተኛ ወለድ ከመበደር በቀር አማራጭ የሌለው ቤተሰብ አለ። ለእሱ በዓመት 60 ፓውንድ በትርፍ መክፈል ከክሬዲት ካርድ ዕዳ ይሻላል። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባለሙያ ፈልገው ዋጋ መደራደር የሚከብዳቸው እናትና አባትም እንዲሁ ናቸው። ሦስተኛው፣ ብዙ የማይነገርለት፣ ቤቱን አከራይቶ አዲስ አበባ የተመለሰ ሰው ነው። ሕጉ አከራይ አድርጎታል፤ ቦይለሩ ሲቆም ተከራዩ ሊጠብቀው አይገደድም። ከአዲስ አበባ ሆኖ ለድንገተኛ ጥገና ፓውንድ ፈልጎ መላክ ቀላል አይደለምና ዓመታዊውን የጋዝ ምርመራ የሚያካትት የአከራይ ውል፣ ክፍያው በቀጥታ ከእንግሊዝ ሂሳቡ እየተቆረጠ፣ ለእሱ ጥሩ ግዢ ነው።

ለቀረው ቤት ባለቤት ያንኑ 20 ፓውንድ በየወሩ ወደ ተለየ የቁጠባ ሂሳብ ማዞር ይበልጣል። ሰርቪሱም ጥገናውም ከዚያ ይከፈላል፤ ያልተበላሸበት ዓመት ገንዘብ የራሱ ሆኖ ይቀራል። ቦይለሩ 15 ዓመት ሲጠጋ ያ ቁጠባ ሌላ በር ይከፍታል። በእንግሊዝና በዌልስ የጋዝ ቦይለሩን ነቅሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሂት ፓምፕ ለሚተክል የቤት ባለቤት መንግሥት ከ2023 መጸው ጀምሮ 7,500 ፓውንድ ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። አሮጌውን በወርሃዊ ክፍያ እያስታመሙ ከመቆየት በፊት ይህን ማስላት ተገቢ ነው።

ውል ያላቸው አንባቢያን ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር የቤት መድናቸውን ወረቀት አውጥቶ ማየት ነው፤ የድንገተኛ ጥገና ሽፋን በውስጡ ተጨምሮ ከሆነ አንዱ ትርፍ ነው። መድን የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት መሰረዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን አንዳንድ ኩባንያዎች በዚያው ዓመት ባለሙያ ልከው ከሆነ የጥገናውን ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ለማቋረጥ የሚመቸው ጊዜ ውሉ በራሱ ከመታደሱ በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው። የእድሳት ማስታወቂያው ሲመጣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ጊዜ ደውለው እንዳስጠገኑ ቆጥረው ከከፈሉት ጋር ያስተያዩት።