ማርካውን ተዉት፣ ብብቱን እዩ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ከስፌት ቤት ውጭ የሚወራ አይደለም። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 ውስጥ የሳልባጅ ልብስ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ መጀመሪያ የሚያሳየኝ ማርካውን ነው። ማርካ ግን በአሥር ደቂቃ ተተርትሮ ሌላ ልብስ ላይ ይሰፋል። እኔ ልብሱን ገልብጬ የማየው ብብቱን ነው።

ይህን የተማርኩት ከቢባ ነው፤ ከድሮዋ የለንደን ቡቲክ። ባርባራ ሁላኒኪ ዋርሶ የተወለደች የፋሽን ሠዓሊ ነበረች። ከባሏ ከስቴፈን ፊትዝ-ሲመን ጋር ልብስ በፖስታ መሸጥ ጀመረች፤ ስሙንም ከታናሽ እህቷ የቤት ስም ወሰደችው። በ1964 እ.ኤ.አ. አንድ ባለዳማ ሮዝ ቀሚሷ ዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ላይ በ25 ሽልንግ ቢወጣ 17,000 ያህል ትዕዛዝ ጎረፈ። በዚያው ዓመት አቢንግደን ሮድ ላይ፣ ቀድሞ መድኃኒት ቤት በነበረ ክፍል፣ ሱቋን ከፈተች።

ሰዉ ስለ ርካሽነቱና ስለ ደብዘዝ ያሉት ቀለሞች ያወራል። ምስጢሩ ግን ትከሻው ላይ ነው። ትከሻው ጠበብ፣ ብብቱ ወደ ላይ ሳብ ይላል፤ እጅጌው ረጅምና ክንድ ላይ ልጥፍ ያለ ነው። ብብት ከፍ ሲል ቁመና ይመዘዛል፣ እጅ ሲነሳም ቀሚሱ አብሮ አይነሳም። ሰፊ ብብት የሰፊውን ስህተት ይሸፍናል። ጠባቡ አይምርም፦ ግማሽ ሳንቲም ከሳታችሁ የለበሰችው ልጅ ክንዷን ማጠፍ ያቅታታል። እኛ ዘንድ ደግሞ በዚህ ሙቀት የሚለበሰው ድሪያ ነው፤ ስስ፣ ሰፊ፣ ነፋስ የሚያስገባ፣ የተቆረጠ ብብት የሌለው። የወጣት ሰፊዎቻችን እጅ እጅጌ መግጠም ላይ የሚደናገረው ለዚህ ነው።

ቢባ ስትገን ባለሀብቶች ገቡባት። በ1973 ኬንሲንግተን ውስጥ ባለ ሰባት ፎቁን የዴሪ ኤንድ ቶምስ ሕንፃ ያዘች፤ በ1975 ተዘጋች። ሁላኒኪ ስሙንም አጣችው። ከዚያ ወዲህ ማርካው ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ፣ እሷ በሌለችበት ደጋግሞ ተከፍቷል። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ ጥቁርና ወርቃማ የቢባ ማርካ ያለበት ቀሚስ አምጥታ «ጋሼ፣ ስንት ያወጣል?» አለችኝ። ገለበጥኩት። ጨርቁ ያረጀ፣ ማርካው የተሰፋበት ክር አዲስ ነጭ፣ ብብቱ ደግሞ ጡጫ የሚያስገባ። እውነቱን ነገርኳት፤ ከፋት።

በዚያው ሰሞን ከቦንዳ የወጣ፣ ማርካው ተቆርጦ የጠፋ ቡናማ ቀሚስ ገዛሁ። የማን እንደሆነ የሚናገር ነገር የለውም፤ ብብቱ ግን እንደ ቢባ ወደ ላይ ሳብ ያለ ነው። ሌሊቱን ስፌት በስፌት ተርትሬ እጅጌውን በሲሚንቶ ወረቀት ላይ ነደፍኩት። ወረቀቱ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። የሙሽራ ቀሚስ ሲታዘዝ አወርደዋለሁ።