ተረትና እውነታ፦ «ትንሽ እንየው» የተባለው ክትባት

በ2017 ኅዳር ውስጥ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ የዕድር ድንኳን ሥር ለቅሶ ተቀምጬ ነበር። ፀሐዩ ሸራውን አግሎታል፤ ቡና ይዞራል፤ ወሬው ከሟች ወደ ኑሮ፣ ከኑሮ ወደ ልጆች ሄደ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት ከልጃቸው ትምህርት ቤት መልእክት እንደ መጣ አነሱ፤ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት በዘመቻ ሊሰጣቸው ነው። «እኔ ልጄን አላስወጋም» አሉ። ለምን ሲባሉ፣ «እንደ ኮሮናው እንዳይሆን ነዋ! ትንሽ እንየው።»

ይህችን «ትንሽ እንየው» አውቃታለሁ። በ2013 ሚያዝያ ላይ እዚያው ሰፈር፣ ከዚያ ድንኳን ብዙም ከማይርቅ በረንዳ ላይ ሰምቻታለሁ። የተናገሯት የዕድራችን ገንዘብ ያዥ የነበሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ ስኳር አለባቸው። የኮሮና ክትባት ለጤና ባለሙያዎች ከተሰጠ በኋላ ተራው ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑና ከ55 በላይ ሆነው ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ደርሶ ስለነበር፣ በሁለቱም በኩል ይመለከታቸዋል። «ጋሼ፣ ነገ አብረን እንሂድ» አልኳቸው። «ትንሽ እንየው ልጄ። ክትባት እኮ ዐሥር ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው፤ ይሄ ባንድ ዓመት ነው የደረሰው። የተማረ ሰው ነው የነገረኝ።»

የተማረውን ሰው አውቀዋለሁ። የሰፈራችን ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ ያነባል፤ ቡና በተፈላበት ሁሉ ስለ ክትባቱ የሚያስረዳው እሱ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ዱባይ የሚሄድበት ጉዳይ ገጠመው። የክትባት ማስረጃ ተጠየቀ፤ ሄዶ ተከተበ። ያወቅሁትም የምስክር ወረቀቱን የት እንደሚያሳትም እኔኑ ስለጠየቀኝ ነው። ለጋሼ ግን አልነገራቸውም። ጋሼ መስከረም 2014 ላይ፣ ያ ሦስተኛው ከባድ ማዕበል ሐኪም ቤቶቹን ባጨናነቀበት ሰሞን፣ ኦክስጅን ላይ ዘጠኝ ቀን ቆይተው አረፉ። ቢከተቡ ኖሮ በእርግጥ ይተርፉ ነበር ብዬ አልምልም፤ በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ብሎ መማል አይቻልም። በብዙ ሰው ላይ ግን ተቆጥሯል፤ በሰኔ 2013 ይፋ በሆነ የእንግሊዝ ምዘና፣ ያኔ እኛ ጋ ይሰጥ የነበረውን የአስትራዜኒካ ክትባት ሁለት ጊዜ የወሰዱ ሰዎች በዴልታ ዝርያ ታመው ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው በ92 በመቶ ቀንሶ ነው የተገኘው።

እንግዲህ ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። ጥያቄው የቂል ጥያቄ አልነበረም። ክትባት ዓመታት ይፈጅ ነበር፤ ከኮሮና በፊት ፈጣን የሚባለው የጆሮ ደግፍ ክትባት ሲሆን እሱም በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አራት ዓመት ገደማ ወስዷል። ታዲያ ይሄኛው እንዴት ባንድ ዓመት ደረሰ?

ሐዋሳ ላይ ቤት የሠራ ሰው መልሱን ያውቀዋል። መሠረቱ ይወጣል፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ሣር ይበቅልበታል። ብሎኬቱ ይደረደራል፣ ቆርቆሮው እስኪገዛ ሌላ ዓመት ያልፋል። ሰው «ቤቱን በዐሥር ዓመት ሠራሁት» ይላል እንጂ ግንበኛው የሠራበት ቀን ቢደመር ከጥቂት ወራት አያልፍም። ቀሪው ገንዘብና ፈቃድ የተጠበቀበት ጊዜ ነው። የክትባት ዐሥር ዓመትም አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ለኮሮና ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ፈሰሰ። መንግሥታት ውጤቱ ሳይታወቅ ከፈሉ፤ ፋብሪካዎች ባይሠራ ይጣላል ብለው እየሞከሩ አመረቱ፤ ተቆጣጣሪዎችም ሰነዱ ተጠራቅሞ እስኪመጣ ሳይጠብቁ በደረሰ በደረሰው መረመሩ።

መሠረቱ ደግሞ ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ሳርስ የተባለው የዚሁ ቤተሰብ ቫይረስ በ2002 እ.ኤ.አ.፣ ሜርስ በ2012 እ.ኤ.አ. ከተነሡ ጀምሮ ሳይንቲስቶች ይህን ዘር ሲያጠኑ ቆይተዋል። አስትራዜኒካ ያመረተውን ክትባት የሠሩት የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የቺምፓንዚ ጉንፋን ቫይረስን እንዳይራባ አድርገው እንደ መልእክተኛ መጠቀም የጀመሩት ከወረርሽኙ በፊት ነው፤ ለሜርስም በ2018 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ሞክረውታል። የአዲሱ ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተል በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ሲሆን የቀረው መልእክቱን መቀየር ነበር። በሚያዝያ የመጀመሪያው በጎ ፈቃደኛ ተወጋ፤ ከዚያ በእንግሊዝ፣ በብራዚልና በደቡብ አፍሪካ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ገባበት።

ሰው የማያስበው ሌላም ምክንያት አለ። የክትባት ሙከራ የሚያልቀው ከተከተቡትና ካልተከተቡት መካከል በቂ ሰው ሲታመም ነው፤ ያኔ ብቻ ነው ሁለቱን ማወዳደር የሚቻለው። በሽታው ብርቅ ከሆነ ዓመታት ይጠበቃል። ኮሮና ግን በየሰፈሩ እያንኳኳ ስለነበር በሽተኛው በወራት ተቆጠረ። ሙከራውን ያፋጠነው የበሽታው ክፋት ነው።

አሁን ደግሞ ጋሼ ትክክል የሆኑበትን ልናገር፤ እሱን ስንሸሽግ ነው የምንዋሽ የምንመስለው። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን 2.2 ሚሊዮን ገደማ ክትባት ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ማከፋፈያ በኩል ተቀብላ መከተብ የጀመረችው መጋቢት 4 ቀን 2013 ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። ዴንማርክ ያንኑ ክትባት ያቆመችው ደግሞ መጋቢት 2 ነበር! ቀጥሎ ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣልያን ለጊዜው አቆሙ። ምክንያቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት፣ ግን ሰው የሚገድል የደም መርጋት ነው። እውነት ነበር። በእንግሊዝ ቁጥሩ ሲጠራ ከመቶ ሺህ የመጀመሪያ ዙር ተከታቢዎች ከአንድ እስከ ሁለት ሆነ፤ በወጣቶች ላይ ከዚያ ከፍ ይላል።

«ፈረንጅ የጣለውን ላኩልን» የሚለው ወሬ የተወለደው በዚያች ሳምንት ነው። እንዳልተጣለ ማሳየት ይቻላል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መጋቢት 9 ላይ ጥቅሙ ያመዝናል አለ፤ እንግሊዝ በዐሥር ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ የገዛ ዜጎቿ ሰጠችው። ዴንማርክ ግን በሚያዝያ ጭራሽ ተወችው። ልብ መባል ያለበት ዴንማርክ ለምን እንደተወችው ነው፤ በሽታው በቁጥጥር ሥር ነበር፣ ፋይዘርና ሞደርና ደግሞ በእጇ ነበሩ። እነሱ የመረጡት በሁለት ክትባቶች መካከል ነው። ጋሼ የነበራቸው ምርጫ በክትባቱና በበሽታው መካከል ነበር፤ ስኳር ላለበት የሰባ ዓመት ሰው ደግሞ ኮሮና ከመቶ ሺህ አንድ ሁለት ብቻ አይደለም የሚወስደው። «ትንሽ እንየው» ሲሉ ዳር ቆመው የሚያዩ መስሏቸው ነበር። ዳር የሚባል ቦታ በዚያ ዓመት አልነበረም፤ ያልተከተበም በየቀኑ ሙከራ ውስጥ ነበር።

አስትራዜኒካ በ2016 ሚያዝያ መጨረሻ ክትባቱን ከገበያ እያወጣሁ ነው ሲል ያ የተማረው ጎረቤታችን «አላልኩም?» እያለ ዞረ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት አዳዲስ ዝርያዎችን የሚመጥኑ ክትባቶች ስለበዙ ፈላጊ ማጣቱን ነው። የደም መርጋቱም ቢሆን የታወቀው ሦስት ዓመት አስቀድሞ እንጂ ያን ቀን አልነበረም። ስልኩ ውስጥ የራሱ የክትባት ምስክር ወረቀት አለ። ትዕግሥቴ ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ ግን አልደፋም። የጤና መልእክት የሚያስተላልፉ ሰዎች «ምንም ጉዳት የለውም» ይሉ ነበር፤ ሰው ራዲዮውን ዘግቶ ስልኩን ሲከፍት ስለ ደም መርጋት ያነባል። ከዚያ በፊትም በመጋቢት 2012 ሁለት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች አገር በቀል መድኃኒት የመጀመሪያውን ሙከራ አልፏል ብለው አበሰሩን። ደስ አለን፤ ጠበቅን፤ መድኃኒቱ አልመጣም። አንዴ እንዲያ የጠበቀ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ሲጠራጠር አይገርምም።

የቀሩትን ቶሎ ልበላቸው። ክትባቱ ራሱ ኮሮና ያሲዛል የሚለው ውሸት ነው፤ ውስጡ ሊያሲዝ የሚችል ሕያው የኮሮና ቫይረስ የለም። በማግሥቱ የሚመጣው ትኩሳትና ቁርጥማት ሰውነት ሲነቃ ነው። የተከተበ ሰው ይያዛል ወይ? አዎ ይያዛል፤ የሚቀንሰው ክፉ መታመሙና መሞቱ ነው። ቺፕ አለበት? በእጃችን የያዝነው ስልክ የት እንዳለን ሲናገር እየዋለ በመርፌ ጫፍ የምንፈልግበት ምክንያት አይገባኝም። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ለወጥና ለጉሮሮ መልካም ናቸው፤ በ2012 መጋቢት ያተረፉት ግን ነጋዴዎቹ ናቸው። ለጥቁር አይዝም፣ በሙቀት አገር አይኖርም ለሚለው ደግሞ መልሱ መቃብር ነው፤ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው የአገራችን ሟች ብቻ ከ7,500 ይበልጣል፤ ሳይመረመር የተቀበረው አልተቆጠረም።

«ያመክናል» ግን በአንድ መስመር አይታለፍም፤ ያ ወሬ ከኮሮና ይበልጣል በዕድሜ። በ2003 እ.ኤ.አ. በሰሜን ናይጄሪያ፣ ካኖ ላይ፣ የፖሊዮ ክትባት ሴቶችን ያመክናል ተባለና ክትባቱ ለወራት ቆመ። ቫይረሱ ከዚያ ተነሥቶ አገር ላገር ተሻገረ፤ በሱዳን አድርጎ ለዓመታት ፖሊዮ ጠፍቶባት ወደነበረችው ኢትዮጵያም ገባ። ካኖ ላይ የተወራ ወሬ እዚህ የሕፃን እግር አሰለለ። በማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ላይ የሚወራውም ያው ነው። ክትባቱ ደግሞ አዲስ አይደለም፤ በዓለም ላይ ከ2006 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ አገር ከ2011 ጀምሮ ይሰጣል። ማኅፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው እሱ ነው።

ክትባት የፈረንጅ ነገር ነው ለሚሉትም አንዲት ቃል አለችኝ። ክትባትና ክታብ ከአንድ ግንድ ናቸው፤ ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው። አባቶቻችን የፈንጣጣ ሕመምተኛን መግል ወስደው በጤነኛው ክንድ ላይ እየበጡ «ይከትቡ» ነበር፤ ሙያው እስከ ፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ ድረስ በገጠር አልጠፋም ነበር። አደገኛ ነበር፤ አንዳንዱን ራሱ ፈንጣጣው ይገድለው ነበር። ቢሆንም ያደርጉት የነበሩት በሽታውን ዳር ቆሞ ማየት እንደማይቻል ስለሚያውቁ ነው።

ከኮሮና ወሬዎች መካከል ማስክም አለ፤ ስለ እሱ ግን እንደ ክትባቱ አፌን ሞልቼ አልናገርም። መጀመሪያ ምክሩ ራሱ ተለዋውጧል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለሕዝብ በአጠቃላይ ማስክ የመከረው ግንቦት 28 ቀን 2012 ነው፤ ያኔ እኛ ጋ በአስቸኳይ ጊዜው ደንብ ግዴታ ሆኖ ነበር። ባንግላዴሽ ውስጥ 600 መንደሮች ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ሐኪሞች የሚያደርጉት ዓይነት ማስክ የታደለባቸው መንደሮች ውስጥ በሽታው በ11 በመቶ፣ ከ60 ዓመት በላይ ባሉት ደግሞ በ35 በመቶ ቀነሰ፤ የጨርቁ ማስክ ግን ጥርት ያለ ውጤት አላሳየም። ማስክ ሕዝብ በሙሉ እንዲያደርግ መምከር ምን ያህል ይጠቅማል በሚለው ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ኦክስጅን ያሳጣል የሚለው ግን ክርክር የለበትም፤ ቀዶ ሐኪም ስድስት ሰዓት አድርጎት ይቆማል።

ይልቅ እኛ ማስክ አደረግን ወይ የሚለው ነው ጥያቄው። ባጃጅ ነጂው መስተዋቱ ላይ አንጠልጥሎት ትራፊክ ሲያይ ይሰካው ነበር። መሥሪያ ቤት በር ላይ «ያለ ማስክ መግባት ክልክል ነው» ይል ነበር፤ ያልያዘ ሰው ከሚወጣው ተውሶ አድርጎ ይገባና ሲወጣ ይመልስ ነበር። አንድ ማስክ ለአምስት ባለጉዳይ! ሌላው አገጩ ላይ አድርጎ ያወራ ነበር፤ በአገጩ የሚያስል ይመስል። እንዲህ ከተደረገ በኋላ «ማስክ አልሠራም» ማለት ጃንጥላን አጥፎ ይዞ ዝናብ አበሰበሰኝ እንደማለት ነው።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። ይህን ሁሉ ለዚያች እናት አልዘረዘርኩላቸውም፤ ለቅሶ ቤት ነው። ቡናቸውን ጨርሰው ስኒውን ሲመልሱ ግን ዞር ብለው፣ «አንተስ ሴት ልጅ አለችህ አይደል? አስወጋሃት?» አሉኝ።

«አዎ፣ ታላቋ ዐሥራ አራት ሲሞላት ተከትባለች።»

«ምን ሆነች?»

«ክንዷን አሳበጣት። እሱን ሰበብ አድርጋ ሁለት ቀን ዕቃ አላጥብም አለች።»

ሳቃቸው ሲያመልጣቸው ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ አላቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። «የእኔዋ ደግሞ ያለ ክትባትም አታጥብ» አሉ።