የትኛው 1968?

የድሮ ኳስ ማስታወሻ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ዋንጫና ማሊያ ብቻ ነው። የመግቢያ ትኬት፣ የጨዋታ ፕሮግራም፣ የቡድን ፎቶ፣ የክለብ ባጅ፣ ቴምብር፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ ገጽም እዚያው ይመደባሉ። ዋጋቸው የሚመጣው ከእውነተኛነታቸውና ከብርቅነታቸው ነው። ይህን ማንም ስለሚያውቀው አልደክምበትም።

እኔ የምደክመው በቀኑ ላይ ነው። “አፍሪካ ዋንጫ፣ አዲስ አበባ፣ 1968” የሚል ወረቀት እጃችሁ ገባ እንበል። የትኛው 1968?

እንደ ፈረንጆቹ በ1968 ስድስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ አገር ተካሂዷል። በእኛ አቆጣጠር ከጥር 3 እስከ 12 ቀን 1960 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንት አገሮች የተሰለፉበት ውድድር ነበር። ጨዋታዎቹ ለአዲስ አበባና ለአስመራ ተከፍለው፣ ኮንጎ ኪንሻሳ ጋናን 1 ለ 0 ረትታ ዋንጫውን ወሰደች፤ እኛ አራተኛ ወጣን። በእኛ 1968 ዓ.ም. ደግሞ አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ እኛው ዘንድ መጣ፤ ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ። ሞሮኮ ወሰደችው። በሁለቱ መካከል ዘውዱ ወድቋል፣ ደርግ ገብቷል፣ የአዲስ አበባው ስታዲየም ስም ተቀይሯል።

ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ሦስት ነገር ፈልጉ። ስድስተኛ ይላል ወይስ አሥረኛ? ሁለተኛው ከተማ አስመራ ነው ወይስ ድሬዳዋ? ስታዲየሙ በንጉሡ ስም ነው የተጠራው ወይስ በከተማዋ? አንዱን ካገኛችሁ ክርክሩ አለቀ። ይህን ሳያጣሩ “የ1968 ነው” ብለው የሚሸጡም የሚገዙም ሰዎች ይገርሙኛል፤ የስምንት ዓመት ልዩነት፣ ያውም አብዮት ያለበት፣ እንዴት ተዘሎ ይታለፋል?

እዚሁ ኢምፔሪያል ሰፈር አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉኝ። “የ1968ቱን በዓይኔ አይቻለሁ” ሲሉኝ፣ “ጋሼ፣ የትኛውን?” አልኳቸው። “የሞሮኮን ነዋ! ፍጻሜውን!” አሉ። እዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። የዚያ ዓመት ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ የሚባል አልነበረውም። የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጥመው፣ ብዙ ነጥብ የያዘው አሸናፊ ሆነ። መጋቢት 5 ቀን ጊኒ ቀድማ አግብታ፣ ሞሮኮ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አቻ ስታደርግ ነጥቡ በቅቷት ዋንጫውን ያዘች። ጋሼ ያዩት ይህንኑ ነው፤ ፍጻሜ ነው ብለው ቢያስታውሱትም አልፈርድባቸውም። የሚሸጥልኝ ሰው ግን “የፍጻሜ ትኬት” ሲለኝ ዝም አልለውም።

1962ም ያው ወጥመድ ነው። እንደ ፈረንጆቹ 1962 የእኛ ታላቅ ዓመት ነው፤ እሑድ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፍንበት። ተክሌ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በእኛ 1962 ግን የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯ የአዲዳስ ኳስ ቴልስታር ለዓለም ዋንጫ የቀረበችውም ያኔ ነው። የ1954ቱን ድል የሚያሳይ ሥዕል ላይ ያቺን ዝንጉርጉር ኳስ ካያችሁ፣ ሠዓሊው ሁለቱን 1962 አምታቷቸዋል።

ስለ ማሊያ ባጭሩ። የዚያን ዘመን ማሊያ ቁጥር እንጂ የተጫዋች ስም አልነበረውም። በዓለም ዋንጫ ስም በጀርባ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሰፈራችን ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝ ኳስ በሚታይባቸው ቤቶች፣ ጄቪሲ የተጻፈበት የድሮ አርሰናል ማሊያ የለበሰ ወጣት አይጠፋም፤ የማሊያውንም ዘመን አሳምሮ ይነግራችኋል። ይኸው ልጅ “ሉቺያኖ” ተብሎ ጀርባው ላይ የታተመበትን “የ1954 ማሊያ” ቢያሳዩት ግን ሳይጠራጠር ይገዛል። ለመልበስ ይሁን፤ ለቅርስነት ግን አይሆንም።

“ዋንጫችን የት ሄደ?” የሚሉም አሉ። አልጠፋም። በመጀመሪያው የካፍ ፕሬዚዳንት በዓብደል ዓዚዝ ዓብደላ ሳሌም ስም የተሰየመው ዋንጫ ከአሸናፊ ወደ አሸናፊ የሚዞር ነበር። ጋና እ.ኤ.አ. በ1978 ለሦስተኛ ጊዜ ስታሸንፍ ለሁልጊዜው አስቀረችው፤ ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1970 የዓለም ዋንጫውን እንዳስቀረችው ማለት ነው። ስለዚህ በአገር ውስጥ የቀረልን ወረቀቱ፣ ፎቶውና ጨርቁ ነው። ለ1954ቱ ውድድር የታተሙት ቴምብሮች ሳይቀሩ ከዚሁ የሚቆጠሩ ናቸው።

ይህን የቀረልንንም እናበላሻለን። የተቀደደ ትኬት በስኮች ይለጠፋል፤ ሙጫው ወረቀቱን ቢጫ ያደርገዋል። ፎቶ ላሚኔት ይደረጋል፤ ከዚያ ወዲያ ሳይጎዳ የሚያወጣው የለም። የጥጥ ማሊያ “ይንጣ” ተብሎ በበረኪና ይዘፈዘፋል። እባካችሁ ተዉት! እድፉም የታሪኩ አካል ነው።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አርፏል፤ ያን ትውልድ ያዩት ሰዎች እያለቁ ነው። ቤታችሁ አሮጌ የኳስ ፎቶ ካለ፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን አስቀምጣችሁ ማን ማን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በለስላሳ እርሳስ ከጀርባው በቀስታ ጻፉት። ዓመቱን ስትጽፉ ደግሞ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሱ።