የፒክአፕ ካምፐር ጭነት መረጃ ደንብ

የፒክአፕ ካምፐር ጭነት መረጃ ደንብ በአሜሪካ በፒክአፕ መኪና ላይ የሚጫኑ ተነቃይ መኖሪያ ክፍሎችን የሚሠሩ ፋብሪካዎችና መኪናውን የሚሠሩ ኩባንያዎች ለገዢው መስጠት ያለባቸውን የክብደት መረጃ የሚወስን የፌዴራል ደንብ ነው። በፌዴራል ደንቦች ስብስብ በርዕስ 49፣ ክፍል 575፣ ቁጥር 103 ሥር ይገኛል። አስፈጻሚው ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር ነው። ደንቡ ማንም ሰው ስንት ኪሎ መጫን እንደሚችል አይወስንም። የሚያዘው ገዢው ራሱ ደምሮና ቀንሶ ልክ እንዲያውቅ የሚያስችሉ ቁጥሮች እንዲሰጡት ነው።

ካምፐር እና ፒክአፕ

በደንቡ ትርጉም ተነቃይ ካምፐር ማለት ጣሪያ፣ ወለልና ግድግዳ ያለው፣ ተጠቃሚው ራሱ በመኪና የጭነት ቦታ ላይ ሊጭነውና ሊያወርደው የሚችል መጠለያ ነው። ብዙውን ጊዜ በውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ታንከርና የጋዝ ሲሊንደር ይኖሩታል። ከተጎታች ቤት የሚለየው የራሱ ጎማ ስለሌለው ነው። ተጎታች ቤት አብዛኛውን ክብደቱን በራሱ ጎማ ይሸከማል፤ ካምፐር ግን ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው በመኪናው ላይ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱን ዕቃዎች ሁለት የተለያዩ አምራቾች ስለሚሠሩአቸው ነው። የመኪናው አምራች በላዩ የትኛው ካምፐር እንደሚጫን አያውቅም፤ የካምፐሩም አምራች ዕቃው በየትኛው መኪና ላይ እንደሚያርፍ አያውቅም። ሁለቱ የሚገናኙት በገዢው ግቢ ውስጥ ነው። መኪናው ብቻውን ደኅና፣ ካምፐሩም ብቻውን ደኅና ሆኖ ሁለቱ ሲጋጠሙ አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። በፋብሪካ በር ላይ በሚደረግ ፍተሻ ይህን ማወቅ ስለማይቻል ግዴታው በመረጃ ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል።

ከመጠን ያለፈ ጭነት ጎማን ያግላል፣ ባሌስትራን ያጎብጣል፣ ፍሬን መኪናውን ለማቆም የሚወስድበትን ርቀት ያረዝማል። የክብደቱ ልክ ብቻ ሳይሆን የሚያርፍበት ቦታም ወሳኝ ነው። ለምሳሌ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 4 ሜትር ርቀት ባለው መኪና ላይ 1,160 ኪሎ ግራም ተጭኗል እንበል። የጭነቱ የስበት ማዕከል ከኋላ አክስል 30 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ከሆነ 87 ኪሎ ግራም ያህሉ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል። ያው ጭነት ከኋላ አክስል 30 ሳንቲ ሜትር ወደኋላ ቢያልፍ ግን ልክ እንደ ሚዛን ዘንግ የፊቱን ወደላይ ያነሣዋል፤ ከፊት ጎማዎች 87 ኪሎ ግራም ይቀነሳል፣ የኋላው አክስልም 1,247 ኪሎ ግራም ይሸከማል። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬንም የሚይዘው መሬት ያንሰዋል። የደንቡ ዓላማ ተብሎ የተጻፈውም ከልክ ያለፈና የተዛባ ጭነት በመሪና በፍሬን ላይ ከሚያመጣው ጉዳት የሚከተለውን አደጋ መከላከል ነው።

የደንቡ አመጣጥ

የደንቡ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ብሔራዊ የትራፊክና የሞተር ተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ነው። ግዴታው በመጀመሪያ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የካምፐር ፋብሪካዎች ድርሻ ቁጥር 126 በተባለ የደኅንነት ደረጃ ውስጥ፣ የመኪና አምራቾች ድርሻ ደግሞ በቁጥር 575.103 ውስጥ ይገኙ ነበር። በኋላ ሁለቱ በአንድ ተጠቃለሉ። ቁጥር 126 ዛሬ የሚያመለክተው መኪና እንዳይንሸራተት የሚያግዘውን የኤሌክትሮኒክ መረጋጋት መቆጣጠሪያ ስለሆነ አሮጌ ሰነድ የሚያነብ ሰው ሁለቱን እንዳያምታታ መጠንቀቅ አለበት።

የካምፐር አምራች ግዴታ

እያንዳንዱ ካምፐር በኋላ በኩል በውጭ ገጹ ላይ በግልጽ በሚታይ ቦታ የመረጃ ጽሑፍ ሊለጠፍበት ይገባል። ጽሑፉ ሳይቀደድ ወይም ሳይበላሽ የማይነሣ መሆን አለበት። በጣሪያ፣ በደረጃ ወይም በመከላከያ ማራዘሚያ ላይ መለጠፍ አይፈቀድም። በላዩ የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ መለያ ቁጥሩና ዋናው ነገር፣ ማለትም የካምፐሩ ከፍተኛ ክብደት ይጻፋል።

ይህ ክብደት የባዶ ካምፐር ክብደት አይደለም። መደበኛ ዕቃዎቹን፣ የተገለጸ መጠን ያለው ውኃ፣ የሲሊንደር ጋዝና ማቀዝቀዣውን ይጨምራል። የሽያጭ መጽሔቶች ብዙውን ጊዜ የሚያወጡት ውኃና ጋዝ የሌለበትን «ደረቅ ክብደት» ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ ባለ 120 ሊትር ታንከር ሲሞላ ብቻውን ከአንድ ጎልማሳ ሰው በላይ ይከብዳል። በመጽሔቱና በተለጠፈው ጽሑፍ መካከል ልዩነት ያየ ገዢ የተለጠፈውን ቢያምን ይሻለዋል።

ከካምፐሩ ጋር የሚሰጠው የባለቤት መመሪያ ደግሞ የስበት ማዕከሉን ቦታ እስከ 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ በሚደርስ ትክክለኛነት በሥዕል ማሳየት አለበት። በተጨማሪ የሚገጠሙ ዕቃዎችም ሲገጠሙ ከ20 ፓውንድ (9 ኪሎ ግራም) በላይ የሚመዝኑ ከሆነ ክብደታቸው ይዘረዘራል።

የመኪና አምራች ግዴታ

የመኪናው አምራች በበኩሉ የመኪናውን የጭነት አቅም በቁጥር፣ የካምፐሩ የስበት ማዕከል ሊያርፍበት የሚገባውን ክልል ደግሞ በሥዕል ይሰጣል። ሁለቱ ሥዕሎች ሲገጣጠሙ የካምፐሩ ማዕከል በመኪናው ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። አምራቹ መኪናው ካምፐር እንዲሸከም ካልፈለገም ይህንኑ በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ዝም ማለት ግን አይችልም።

በዚህ ደንብ የጭነት አቅም ሲሰላ ለእያንዳንዱ መቀመጫ 68 ኪሎ ግራም ለተሳፋሪ ተብሎ አስቀድሞ ይቀነሳል። አንባቢን በጣም የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ጠቅላላ የክብደት ጣሪያቸው ከ4,536 ኪሎ ግራም ያልበለጠ መኪናዎች በሾፌሩ በር አካባቢ ሌላ የመረጃ ሰሌዳ አላቸው። የዚያኛው ቁጥር ሰውንም ዕቃንም በአንድነት ይቆጥራል።

ለማስረዳት ያህል፣ ጠቅላላ የክብደት ጣሪያው 4,500፣ ባዶ ክብደቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሆነ ባለ 5 መቀመጫ መኪና ቢኖር የበሩ ሰሌዳ 1,500 ኪሎ ግራም ይላል። በካምፐር ደንብ መሠረት ግን የ5 ሰው 340 ኪሎ ግራም ተቀንሶ የጭነት አቅሙ 1,160 ይሆናል። ካምፐሩ 950 ቢመዝን፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የጥላ ሸራና ተጨማሪ ባትሪ 110 ቢጨምሩ፣ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለመሣሪያና ለሌላው ሁሉ የቀረው 100 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በሩ ላይ ያለውን 1,500 ይዞ የሚያሰላ ሰው 440 ኪሎ ግራም የቀረው ይመስለዋል።

አፈጻጸምና ክፍተት

በአሜሪካ ሥርዓት መንግሥት ዕቃውን ከሽያጭ በፊት መርምሮ አያጸድቅም። ደንቡን መከተሉን የሚያረጋግጠው አምራቹ ራሱ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ገበያ ላይ የወጣውን ይከታተላል፣ ጥሰት ሲያገኝም በገንዘብ ሊያስቀጣ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ግን የተሽከርካሪ ሞዴል ከመሸጡ በፊት የባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል። በአሜሪካው መንገድ የቁጥሩ ትክክለኛነት በፋብሪካው ሚዛንና ጥንቃቄ ላይ የተመሠረተ ነው። በተለይ በጥያቄ የሚሠሩ ካምፐሮች አንዱ ከሌላው ስለሚለያዩ ለአንዱ የተመዘነውን ክብደት ለሁሉም መጻፍ አያስኬድም።

አምራቹ ግዴታውን በሚገባ ቢፈጽም እንኳ የሚቀር ክፍተት አለ። ካምፐሩ ከተሸጠ በኋላ ባለቤቱ የሚጨምረውን ዕቃ የተለጠፈው ጽሑፍ አያውቀውም። ካምፐሩ ለሁለተኛ ገዢ ሲተላለፍም በውጭ የተለጠፈው ይቀራል፤ የስበት ማዕከሉ ሥዕል ያለበት መመሪያ ግን ሊጠፋ ይችላል። በዚህም ምክንያት ደንቡ የመኪናው ሰነድ ሌላ ምክር እንዲይዝ ያዛል። ካምፐሩ ሙሉ በሙሉ ከተጫነ በኋላ መኪናው ወደ ሚዛን ተወስዶ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ ይመዘኑ፤ የየአክስሉ ክብደት ከየራሱ ጣሪያ፣ ድምሩም ከመኪናው ጠቅላላ ጣሪያ እንዳይበልጥ ይታይ፤ ከበለጠ ዕቃው ቦታ ይቀየር ወይም ይውረድ ይላል። የየአክስሉ ጣሪያ የሚገኘውም በመኪናው ግራ በኩል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ወይም በበሩ መቃን ላይ በተለጠፈው የማረጋገጫ ጽሑፍ ላይ ነው።