ማንን እንይ? ምኑንስ እንይ?



በአዲጋላ ከመሸ በኋላ ሻይ ቤቶቹ ቴሌቪዥን ይከፍታሉ። ወጣቱ የወተት ሻዩን ይዞ ይሰበሰባል። ትምህርቱ ሲያልቅ እኛ አስተማሪዎችም አንዳንድ ቀን ገባ ብለን እንቀመጣለን። ባለፈው ሰሞን የታየው ኳስ አልነበረም። ሁለት ወጣቶች በአጥር ውስጥ ገብተው ይፋለሙ ነበር። በቡጢ ይመታታሉ፤ ይራገጣሉ፤ ተያይዘው ይወድቃሉ፤ ወድቀውም አይላቀቁም።

ከተማሪዎቻችን መካከል ሁላችንም "አዴር" እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያም፣

"ይሄ ጥቁር ለብሶ የቆመው ሰው ምን ይሠራል? ለምን አይገላግላቸውም?" አሉ።

"ዳኛ ነው አዴር። ጊዜው ሲደርስ ይገላግላል" አልናቸው።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሳቁ በረድ ሲል ግን አንድ ወጣት እንዲህ አለ፦

"እኔም እንደ ፍራንሲስ ንጋኑ እሄዳለሁ። እሱ በበረሃና በባሕር ሄዶ አይደል ሀብታም የሆነው? ጅቡቲ ቅርብ ናት። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ነው።"

በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው የለም። በዚያ መንገድ ሄዶ ድምፁ የጠፋ ልጅ ያለበትን ቤት ሁላችንም እናውቃለንና።

ስለዚህ የዚህ ሳምንት ጽሑፋችን ስለዚሁ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ምንድነው? ከወጣቶቹ ተፋላሚዎች ማንን እንይ? ስናይስ ምናቸውን እንይ? በጽሑፉ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ምንድነው?

ስሙ ድብልቅ ማርሻል አርት ይባላል። ማርሻል አርት ማለት በሥርዓት የሚሰለጥኑበት የፍልሚያ ጥበብ ማለት ነው። ድብልቅ የተባለው ቦክስ፣ ትግል፣ ቴኳንዶና ሌሎችም አንድ ላይ ስለሚገቡበት ነው። ትግል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከብት የጠበቀ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ታግሏል፤ ጥሏል፤ ወድቋል። በአገራችን ትግል ከባህል ስፖርቶች አንዱ ነው፤ ውድድርም ይደረግበታል።

ዩ ኤፍ ሲ የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ ድርጅት የመጀመሪያውን ውድድር ያደረገው በ1993 ዴንቨር በምትባል ከተማ ነው። ያኔ ሕጉ ጥቂት ነበር። ትንሹ ሰው ከግዙፉ ሰው ጋር ይገጥም ነበር። ብዙ ሰዎችም "ይህ ጭካኔ ነው" ብለው ተቃወሙ። ኋላ ላይ ሕግ ወጣለት። ዛሬ ተፋላሚዎች በኪሎ ይመደባሉ። ለወንዶች ቀላሉ ምድብ 57 ኪሎ ገደማ ነው። ከባዱ ምድብ እስከ 120 ኪሎ ይደርሳል። በእህል ብንለካው የቀላሉ ምድብ ሰው ከግማሽ ኩንታል ትንሽ ይበልጣል፤ የከባዱ ግን ከሙሉ ኩንታል ያልፋል። ሁለቱ አይገናኙም።

ግጥሚያው 3 ዙር ነው። አንዱ ዙር 5 ደቂቃ ነው። በዙሮቹ መካከል የ1 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ግጥሚያው ለሻምፒዮንነት ከሆነ 5 ዙር ይሆናል። ዓይን መጓጎጥ፣ መንከስ፣ በጭንቅላት መግጨት፣ ማጅራት መምታት ክልክል ነው። መቀጠል ያልቻለ ሰው በእጁ መታ መታ ያደርጋል። "በቃኝ" ማለቱ ነው። ዳኛው ወዲያውኑ ያስቆማል። ይህ ነውር አይደለም። ክንዱ ሳይሰበር በቃኝ ያለ ሰው ሌላ ቀን ተመልሶ ይገጥማል።

አደጋው ግን የእውነት ነው። ጭንቅላት ሲመታ አንጎል ይጎዳል። ጉዳቱ ሲደጋገም ከዓመታት በኋላ ሰውየው ነገር መርሳት ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ በደንብ በሚመራ ውድድር ሐኪም አይጠፋም። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰውም ለተወሰነ ጊዜ እንዳይገጥም ይታገዳል። ያለ አሰልጣኝና ያለ ሐኪም በመንደር ውስጥ መሞከር ግን ድብድብ እንጂ ስፖርት አይደለም።

ቁጥሩን አንብቡ

በቴሌቪዥኑ ላይ የተፋላሚው ስም በፈረንጅ ፊደል ይጻፋል። ቁጥሩን ግን እናንተም ታነቡታላችሁ። ከስሙ አጠገብ 18–3 የሚል አለ እንበል። የመጀመሪያው ቁጥር ያሸነፈበት ነው። ሁለተኛው የተሸነፈበት ነው። ሦስተኛ ቁጥር ካለ አቻ የወጣበት ነው። 18 እና 3 ሲደመሩ 21 ይሆናሉ። ሰውየው 21 ጊዜ ገጥሟል ማለት ነው።

ይህ 18–3 የራሱ የንጋኑ ቁጥር ነው። በ2024 ብራዚላዊውን ሬናን ፌሬራን ካሸነፈ በኋላ የነበረው ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ንጋኑም 3 ጊዜ ተሸንፏል።

ከወጣቶቹ ማንን እንይ?

ጆሹዋ ቫን አንዱ ነው። የተወለደው በ2001 በእስያ ውስጥ ምያንማር በምትባል አገር ነው። ቤተሰቡ አገሩን ለቆ፣ በማሌዢያ በኩል አልፎ፣ አሜሪካ ገባ። ስደት ምን እንደሆነ በእኛ አገር የሚነግረን አያስፈልግም። በጅግጅጋ ዙሪያ በቀብሪ በያህና በአውበሬ የስደተኛ ጣቢያዎች አሉ። ቫን የሚገጥመው በ57 ኪሎ ነው። በ2023 ዩ ኤፍ ሲ ገባ። በ2025 መጨረሻ ብራዚላዊውን አሌሻንድሬ ፓንቶዣን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ግጥሚያው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ፓንቶዣ ሲወድቅ ክንዱ ተጎድቶ ነው ያቆመው። ዕድል ረድቶታል ቢባል ውሸት አይደለም። ሆኖም ዕድሉ ወደሚገኝበት ቦታ ያደረሰው ሥራው ነው። ቫን አንዴ አጥብቆ መትቶ የሚያርፍ ሰው አይደለም። ደጋግሞ ይመታል፤ ክንዱ አይደክምም። እርሱን ስታዩ ይህን ተመልከቱ።

ሁለተኛዋ ዳኮታ ዲቼቫ ናት። እንግሊዛዊት ናት፤ የተወለደችው በ1998 ነው። እናቷ በቡጢና በእርግጫ በሚደረገው የኪክቦክስ ስፖርት ሻምፒዮን ነበረች። ልጅቱም ሙያውን ያገኘችው ከቤቷ ነው። ፒ ኤፍ ኤል በሚባለው ድርጅት የ2024ን ውድድር አሸንፋ 1 ሚሊዮን ዶላር ተሸለመች። በ2025 ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ከተማ መጥታ ገጥማ አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ቁጥሯ 15–0 ሆነ። አሁን ይህን ቁጥር እናንተው አንብቡት፤ ስንት ጊዜ ተሸነፈች?

ከአገራችንስ? በኢትዮጵያ ብዙ ወጣት የሚማረው ቴኳንዶን ነው። ቴኳንዶ በእግር መምታት የሚበዛበት ስፖርት ነው። ለድብልቁ ፍልሚያም ጥሩ መሠረት ይሆናል። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ሰለሞን ቱፋ የሚባል ወጣት በ58 ኪሎ ለኢትዮጵያ ተሰልፏል። የመጀመሪያውን ግጥሚያ አሸነፈ። በሁለተኛው አንድ ቱኒዚያዊ አሸነፈው። ያ ቱኒዚያዊ በመጨረሻ የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ኢትዮጵያ በሩጫ ብቻ እንደማትቀር ሰለሞን አሳይቷል። ከእርሱ ኋላ የሚመጡትን ወጣቶች በዓይናችን እንከተል።

በሶማልኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ዘንድ የምትታወቀው ደግሞ ራምላ አሊ ናት። እርሷ ቦክሰኛ ናት። የተወለደችው ሞቃዲሾ ነው። በጦርነቱ ወንድሟ ሞተ። ቤተሰቡ በጀልባ ወደ ኬንያ ተሰደደ፤ በኋላም ለንደን ገባ። ቦክስ የጀመረችው ከቤተሰቧ ተደብቃ ነው። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ለሶማሊያ የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ቦክሰኛ ሆነች። በ2022 ደግሞ በሳውዲ አረቢያ፣ ጅዳ ከተማ፣ በዚያ አገር የመጀመሪያ በሆነው የሴቶች የፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያ አሸነፈች። ይህች ሴት የተወለደችበትን ቀን በትክክል አታውቀውም። የተጻፈ ማስረጃ በእጇ የለምና። ስለዚህ እናቶች፣ ልጅ ሲወለድ ቀኑን ጻፉ! አሁን ትችላላችሁ።

የንጋኑ መንገድ

አሁን ወደዚያ ወጣት ጥያቄ እንመለስ። ንጋኑ በበረሃ ሄዷል ወይ? አዎ፣ ሄዷል። አንደብቅም።

ፍራንሲስ ንጋኑ በ1986 በካሜሩን፣ ባቲየ በምትባል ስፍራ ተወለደ። በልጅነቱ አሸዋ በአካፋ እየዛቀ ይሠራ ነበር። በ2012 አገሩን ለቆ ወጣ። በሰሃራ በረሃ አቋርጦ ሞሮኮ ደረሰ። ለብዙ ወራት እዚያ ተንከራተተ። ባሕሩን ለመሻገር ደጋግሞ ሞከረ፤ ደጋግሞም ተያዘ። መልሰው በረሃ ላይ ጥለውታል። የሾህ ሽቦ ገላውን ቆርጦታል። ስፔን ሲደርስ ታሰረ። በ2013 ፓሪስ ገብቶ በመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ያድር ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማሰልጠኛ የገባው። በ2015 ዩ ኤፍ ሲ ገባ። በ2018 ለሻምፒዮንነት ገጥሞ ተሸነፈ። በ2021 ያንኑ ሰው አሸንፎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሻምፒዮን ያደረገው በረሃው አይደለም። በረሃውማ ሊገድለው ነበር። ሻምፒዮን ያደረገው አሰልጣኝና የዓመታት ልፋት ነው። በዚያ መንገድ ከሄዱት መካከል ቴሌቪዥን የሚያሳየን የደረሰውን አንዱን ነው። ባሕር የበላቸውን አያሳየንም።

ከቡጢው በላይ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ። ንጋኑ ሻምፒዮን ሳለ ድርጅቱ አዲስ ውል አቀረበለት። ውሉ ብዙ ገንዘብ ነበረው። እርሱ ግን ገንዘቡን ብቻ አላየም። ለተፋላሚዎች የጤና ዋስትና ይኑር አለ። በውሳኔ ላይ ስለ እነርሱ የሚናገር ሰው ይኑር አለ። አልተስማሙም። ንጋኑም አልፈርምም ብሎ በጥር 2023 ወጣ። የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ትቶ ነው የወጣው። በዚያው ዓመት ከፒ ኤፍ ኤል ጋር ሲዋዋል ለራሱ ብቻ አልተደራደረም። ከእርሱ ጋር የሚገጥመውም ሰው ቢያንስ 2 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈለው በውሉ አስገባ።

ይህን ያሸነፈው በቡጢ አይደለም። ውል ምን እንደሚል አውቆ ነው። ምን ላይ እንደሚፈርም የማያውቅ ሰው ጉልበቱ ምንም ቢበረታ የሌላ ሰው በሬ ነው። ማሳ ያርሳል፤ እህሉ ግን የእርሱ አይደለም። ይህ ለተፋላሚ ብቻ አይደለም። ግመል ለሚሸጥም፣ ብድር ለሚወስድም፣ ልጁን ለደላላ ለሚሰጥም ያው ነው።

ለአገሩ ምን አመጣ?

ቴምባ ጎሪምቦ የዚምባብዌ ሰው ነው። አባትና እናቱን በልጅነቱ አጣ። በ2023 ዩ ኤፍ ሲ ገብቶ በመጀመሪያ ግጥሚያው ተሸነፈ። ያኔ ራሱም ችግረኛ ነበር፤ የሚያድረው በሚሰለጥንበት ቤት ሶፋ ላይ ነበር። ሆኖም የገጠመበትን ልብስ ለጨረታ አቅርቦ በ7 ሺህ ዶላር ሸጠ። ገንዘቡን ለተወለደበት መንደር የውሃ ፓምፕ አዋለው። ውሃ ምን ማለት እንደሆነ ለአዲጋላ ሰው አናስረዳም። የተሸነፈ ሰው ነው ውሃ ያመጣው።

ዛሬ መንገዱ እያጠረ ነው። ፒ ኤፍ ኤል በ2025 ለአፍሪካውያን ብቻ የሆነ ውድድር ጀምሯል። በኬፕ ታውንና በኪጋሊ ተካሂዷል። ውድድሩ ሲጀመር ሊቀመንበሩ ንጋኑ ነበር። ያለፈበት መንገድ ቀላል ቢሆን ኖሮ በአፍሪካ ውስጥ ሌላ መንገድ ለመክፈት ባልደከመ ነበር።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ነገርነው። ወዲያው አልመለሰልንም። አዴር ግን ሻያቸውን አስቀምጠው፣ "ልጄ፣ መጀመሪያ ድሬዳዋ ሄደህ አሰልጣኝ ፈልግ። ወረቀት ሲሰጡህ ደግሞ አምጣውና አብረን እናንብበው" አሉት።

አዴር ፊደል የጨረሱት በዚህ ዓመት ነው።

እንወያይ

1. 12–2–1 የሚለው ቁጥር ምን ያመለክታል? ሰውየው ስንት ጊዜ ገጥሟል?
2. ንጋኑ ለምን አልፈርምም አለ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?
3. በቤታችሁ የተፈረመበት ግን ያልተነበበ ወረቀት አለ? ለሚቀጥለው ትምህርት ይዛችሁ ኑ። አብረን እናነበዋለን።