ኔልሰን የሞተው የት ነው?

ባለፈው ሳምንት በማታው ክፍል አንድ የመርከብ ሥዕል አሳይተናችሁ ነበር። በመርከቡ ወለል ላይ አንድ አዛዥ ወድቋል፤ ብዙ ሰው ከቦት ያዝናል። አንድ አባት ሥዕሉን ወደ ፋኖሱ አስጠጉና «ይኼን የሣለው ሰው እዚያ ነበር እንዴ?» ብለው ጠየቁን። አልነበረም። ደኅና ጥያቄ ነውና ዛሬ ሰፋ አድርገን እንመልሰዋለን።

የወደቀው ሰው ሆሬሽዮ ኔልሰን ይባላል። የእንግሊዝ የባሕር ጦር አዛዥ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ጦርነቶች የቀኝ ዓይኑ ብርሃን ጠፍቷል፤ ቀኝ ክንዱም ተቆርጧል። ጦርነቱ የተደረገው በስፔን አገር አጠገብ፣ ትራፋልጋር በሚባል ቦታ፣ በ1805 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በእኛ ጥቅምት 12 ቀን 1798 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዞች 27 ትልልቅ የጦር መርከቦች ነበሯቸው። ፈረንሳይና ስፔን አብረው 33 አሰለፉ። ያሸነፉት ግን እንግሊዞች ናቸው። ከጠላት 18 መርከብ ሲጠፋ፣ ከእነሱ አንድም አልጠፋም።

ኔልሰን የማዕረግ ምልክቱን ደረቱ ላይ እንዳደረገ በወለሉ ላይ ይመላለስ ነበር። ከቀኑ 7 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ከፈረንሳይ መርከብ የሸራ ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ወታደር በጠበንጃ መታው። ጥይቱ በግራ ትከሻው ገብቶ አከርካሪው ላይ ቀረ። ሰዎች ተሸክመው ወደ ታች አወረዱት። መርከበኞቹ አይተው እንዳይደነግጡ ብሎ ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ። ከውሃው ልክ በታች፣ በጨለማው የመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ በቁስለኞች መካከል ተኝቶ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ሞተ።

እንግዲህ ያሳየናችሁን ሥዕል አስታውሱ። እዚያ ላይ ኔልሰን የሚሞተው በብርሃን፣ በላይኛው ወለል ላይ ነው። የሣለው ቤንጃሚን ዌስት ነው፤ በ1806 ጨረሰው። ዌስት እውነቱ ጠፍቶት አይደለም። እንዲህ ያለ ጀግና እንደ ማንም ሰው በጨለማ ጉድጓድ ሲሞት መሣል የለበትም የሚል ሰው ነበር። ሕዝቡም ወደደለት፤ ሊያየው ጎረፈ።

አርተር ዴቪስ የሚባል ሌላ ሰዓሊ ነበር። በዕዳ ታስሮ የነበረ ሰው ነው። መርከቡ ወደ አገሩ ሲመለስ ገብቶ፣ በሞቱ ሰዓት አጠገቡ የነበሩትን ሰዎች መልክ ሣለ፤ ቦታውንም አየ። የ1807 ሥዕሉ ጨለማ ነው። ፋኖስ፣ ነጭ አንሶላ፣ ጥቂት ሰዎች። ከሁሉ ይበልጥ ለእውነት የቀረበው ይኼ ይመስለናል። ቢሆንም እሱም ጣራውን ከፍ አድርጎታል! መርከቡ ዛሬም በእንግሊዝ አገር በፖርትስማውዝ ወደብ ይገኛል፤ እዚያ ቦታ ረጅም ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምም።

ተርነር የተባለው ሰዓሊ ደግሞ በ1824 ጦርነቱን በሙሉ አንድ ላይ ሣለው። ጧት የተሰቀለው ባንዲራ፣ ቀን የወደቀው ምሰሶ፣ ወደ ማታ የተቃጠለው መርከብ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይታያሉ። የባሕር ሰዎች ተቆጡ። እኛ ግን ብዙም አይገርመን። በአድዋ ሥዕሎቻችን ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ከላይ ሆኖ ይዋጋ የለ? ተርነር ከፊት ያስቀመጠው ደግሞ አዛዡን አይደለም። ውሃ ውስጥ የሚሰምጡትን ተራ መርከበኞች ነው።

በለንደን ከተማ ኔልሰን በረጅም ዓምድ ላይ ቆሟል። ዓምዱና ሐውልቱ አንድ ላይ ከ50 ሜትር ይበልጣሉ፤ ከታች ሆኖ ፊቱን ማየት አይቻልም። በዓምዱ እግር ላይ አሟሟቱን የሚያሳይ የነሐስ ሥራ አለ። እዚያ ላይ ጠበንጃ የያዘ አንድ ጥቁር መርከበኛ ይታያል። በኔልሰን መርከብ ላይ ከ800 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ ከነዚህም መካከል አፍሪካዊ ነበረበት። ከነሐሱ በታች ጽሑፍ ተጽፏል፤ የእሱ ስም ግን የለበትም።

የዴቪስን ሥዕል ግልባጭ አግኝተናል። ሐሙስ ማታ ይዘን እንመጣለን። ከዌስት ሥዕል ጎን አድርገን በፋኖሱ እናየዋለን፤ የጠየቁን አባትም እንዳይቀሩ።